ባለ 16 ጎኑ የማውንት ቨርነን ጎተራ

ባለ 16 ጎኑ ጎተራ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሺንግተን በቨርጂንያ በሚገኘው ርስቱ፣ በማውንት ቨርነን፣ ያሠራው የስንዴ መውቂያና ማከማቻ ቤት ነው። ፕላኑን በ1792 የነደፈው ራሱ ዋሺንግተን ሲሆን ግንባታው የተጠናቀቀው በ1795 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቆመበት እርሻ ዶግ ረን ይባል ነበር። የመጀመሪያው ሕንፃ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሳያልቅ ፈርሷል። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው በ1996 በዚያው ርስት ላይ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በድሮው ፕላን መሠረት እንደገና የተሠራውን ነው። ብዙ የአገራችን ሰው ከሚኖርባት ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ወደ ደቡብ ጥቂት ከተነዳ ይደረሳል።

እንግሊዝኛው “ባርን” የሚለውን ነገር በአማርኛ አንድ ቃል አይሸፍነውም። እንደ አገሩና እንደ ገበሬው ጎተራም፣ በረትም፣ የድርቆሽ ማኖሪያም፣ አውድማም ሊሆን ይችላል። የዋሺንግተኑ ላዩ አውድማ፣ ታቹ ጎተራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለእህል የተሠራውን ጎተራ፣ ለከብት የተሠራውን በረት እንለዋለን።

ከትምባሆ ወደ ስንዴ

ዋሺንግተን በወጣትነቱ እንደ ሌሎቹ የቨርጂንያ ባለርስቶች ትምባሆ ያስመርት ነበር። ትምባሆ መሬቱን ቶሎ ያደክማል። ሽያጩም በእንግሊዝ ነጋዴዎች እጅ ስለነበር ባለርስቱ ከዕዳ አይወጣም። በ1760ዎቹ አጋማሽ ዋሺንግተን ትምባሆውን ትቶ ፊቱን ወደ ስንዴ አዞረ። ዶግ ረን ወንዝ ዳር ትልቅ የውኃ ወፍጮ አቆመ፤ ከዚያ የሚወጣው ዱቄት በበርሜል እየታሸገ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ድረስ ይጫን ነበር። በመጨረሻ ዘመኑ ርስቱ 8,000 ኤከር፣ ማለትም 3,200 ሄክታር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በአምስት እርሻም ተከፍሎ ይተዳደር ነበር።

ስንዴ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ተከምሮ እንኳ ሥራው አላለቀም፤ ፍሬው ከገለባው መለየት አለበት። በዚያ ዘመን በቨርጂንያ መንገዱ ሁለት ነበር። አንደኛው በዱላ መውቃት ነው፤ ወገብ ይቆርጣል፣ ቀኑን ሙሉ ተወቅቶም የሚገኘው እህል ጥቂት ነው። ሁለተኛው በፈረስ ማስረገጥ ነው። ነዶው መሬት ላይ ይበተናል፣ ፈረሶቹ በላዩ ክብ እየዞሩ ይረግጡታል። በታኅሣሥና በጥር ገጠር የነበረ አንባቢ ነገሩን ያውቀዋል። እኛ ዘንድ የሚያበራየው በሬ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው። ነገር ግን የእኛ ገበሬ አውድማውን አስቀድሞ ጠርጎ በእበት ይለቀልቀዋል፤ እህሉ ከአፈር እንዳይገናኝ ነው። ወቅቱም ያግዘዋል፤ ውቂያ ሲደርስ ክረምቱ ወጥቷል።

ቨርጂንያ ክረምት ከበጋ የሚዘንብበት አገር ነው። ሜዳ ላይ የተበተነ ስንዴ ድንገት ዝናብ ከመጣበት ይበሰብሳል። ከደረቀም አፈርና ፋንድያ ይቀላቀልበታል፣ ከፊሉ መሬት ውስጥ እየተረገጠ ይቀራል፣ ከፊሉም ሌሊት ይሰወራል። ዋሺንግተን በደብዳቤዎቹ ደጋግሞ የሚያነሳው የዝናቡንና የስርቆቱን ነገር ነው።

የ1793ቱ ደብዳቤ

ዋሺንግተን በ1786 ከእንግሊዛዊው የእርሻ ጸሐፊ ከአርተር ያንግ ጋር መጻጻፍ ጀምሮ ነበር። ያንግ ከላከለት ፕላን ተነስቶ ዩኒየን በሚባለው እርሻው ላይ አንድ ትልቅ የጡብ ጎተራ አሠራ። 30 ሰው ተመችቶት ቤት ውስጥ ሊወቃበት የሚችል ጎተራ ነበር። ጥቅምት 1793 ለቨርጂንያው አገረ ገዥ ለሄንሪ ሊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን ያየውን ይናገራል። ከዚያ ጎተራ በር 30 ጫማ እንኳ ሳይርቅ ሜዳ ላይ አውድማ ተዘጋጅቷል፤ ስንዴው ከጎተራው ተመልሶ ወጥቶ፣ ዝናብ ቢመጣ መጠለያ በሌለበት ቦታ ፈረስ ይረግጠዋል።

ዋሺንግተን ይህን የጻፈው የእርሻ አለቆቹን ግድየለሽነት ለማሳየት ነው። ደብዳቤውን ዛሬ ለሚያነበው ሰው ግን ከጀርባው ሌላ ነገር ይታያል። ዱላውን የሚያነሱት ሰዎች ባሮች ነበሩ። ከስንዴው ድርሻ የላቸውም፣ ከዱቄቱም ሽያጭ የሚደርሳቸው የለም። ወገባቸውን የሚያሳርፍ መንገድ ካለ ፈረሱ ይርገጠው ማለታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ስለ ጎተራው ሲወራ የዋሺንግተን ብልሃት ብቻ ይጎላል፤ በእኔ እምነት ግን የጎተራው ታሪክ ከሁሉ በፊት የድካም ታሪክ ነው። ማን ደከመ፣ ለማን ደከመ የሚለው ካልተነሳ የሕንፃው ቅርጽ ራሱ በቅጡ አይገባም።

ያ ደብዳቤ ሲጻፍ የዶግ ረኑ ጎተራ ግንባታ ላይ ነበር። ሐሳቡም ከዩኒየኑ የተለየ ነው፤ ወቂውን ሰው በዱላ ቤት ውስጥ ከማቆም ይልቅ ፈረሱን ራሱን ወደ ቤት ማስገባት። ፈረስ ደግሞ እየዞረ ነው የሚረግጠው፤ ስለዚህ ቤቱ ክብ መሆን አለበት፣ ወይም ለክብ የቀረበ።

ለምን 16 ጎን?

ጎተራው ከዳር እስከ ዳር 52 ጫማ፣ ማለትም 16 ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው በ16 እኩል ጎን ስለተከፈለ አንዱ ጎን ከ3 ሜትር እምብዛም አያልፍም።

ስሌቱን ማንም በወረቀት ሊሞክረው ይችላል። ወለላቸው እኩል የሆነ አንድ ክብ ቤትና አንድ እኩል አራት ማዕዘን ቤት ቢሠሩ፣ አራት ማዕዘኑ 13 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ግድግዳ ይወስዳል። ባለ 8 ጎን ከሆነ ተጨማሪው ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ባለ 16 ጎን ከሆነ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ዋሺንግተን የክብን ጥቅም ሙሉ በሙሉ አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ ጣውላ ማጉበጥ ሳያስፈልገው። እያንዳንዱ ጎን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ አናጢው በለመደው ቀጥ ያለ ጣውላ ይሠራዋል።

ለፈረሱም እንዲሁ ነው። አራት ማዕዘን ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ሲደርስ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ፍጥነቱን ይገታል፣ ጥጉ ላይ ያለውም ነዶ ሳይረገጥ ይቀራል። እዚህ በየማዕዘኑ የሚታጠፈው 22 ዲግሪ ተኩል ብቻ ስለሆነ ሶምሶማውን ሳያቋርጥ ይዞራል።

ዋሺንግተን ይህን ሁሉ የሚያሰላው ፊላዴልፊያ ተቀምጦ፣ አዲስ መንግሥት እየመራ ነው። የእርሻ ኃላፊው በየሳምንቱ ሪፖርት ይልክለታል፤ እሱም ረጅም መልስ ይጽፋል። ለኃላፊው ለአንተኒ ዊቲንግ ከፕላኑ ጋር የሚያስፈልገውን ዕቃ ቆጥሮ ልኮለታል፤ ለምድር ቤቱ ግድግዳ ብቻ 30,820 ጡብ ይላል። 31,000 ብሎ አላለፈውም። ቀድሞ ቀያሽ የነበረ ሰው ነውና ቁጥር ይወድ ነበር። ዊቲንግ ሥራው ሳያልቅ በ1793 ሞተ፤ ያስጨረሰው ተተኪው ዊልያም ፒርስ ነው።

ላዩ አውድማ፣ ታቹ ጎተራ

ጎተራው ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ነው። በአንድ በኩል አፈር ተደልድሎ መወጣጫ ስለተሠራ ፈረሶቹ ከውጭ በቀጥታ ፎቁ ላይ ይገባሉ። ፎቁ መሃል ላይ ያልተወቃው ነዶ ይከመራል። በዙሪያው 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ስፋት ያለው መረገጫ አለ። ነዶው እዚያ ላይ ይበተናል፤ ፈረሶቹም ይነዱበታል። አንዱ ዙር 40 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ብልሃቱ ወለሉ ላይ ነው። የመረገጫው ጣውላዎች ተገጣጥመው አልተመቱም። በመካከላቸው አንድ ኢንች ተኩል፣ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። ክፍተቱ ከዚህ ቢጠብ ገለባው ይደፍነዋል፤ ቢሰፋ ነዶው ራሱ እየሾለከ ይወርዳል፣ ለፈረሱም እግር ያሰጋል። ኮቴው ሲያርፍበት ዛላው ይፈረፈራል፣ ፍሬው በስንጥቁ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፣ ጭዱ ላይ ይቀራል። ታች ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው በስንጥቆቹ መሃል ብርሃን ያያል፤ የኮቴው ድምፅ ከራሱ በላይ ይዞራል፤ ፍሬው ከእብቁ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትም አገር ያለ ነው። ላይ የቀረው ጭድ በመንሽ ይነሳል። ታች የተጠራቀመው ተበጥሮና ተነፍቶ ይቆለፍበታል፤ ተራው ሲደርስም ወደ ወፍጮው ይሄዳል።

ከፈረስ ጋር በቅሎም ይሠራ ነበር። በ1785 የስፔን ንጉሥ ለዋሺንግተን አንድ ድንጉላ አህያ ልኮለት ነበር፤ “የንጉሥ ስጦታ” የሚል ስም ወጣለት። ዋሺንግተን በእሱ አማካይነት በቅሎ ማርባት ያዘ። ከፈረስ ያነሰ እንደሚበላና እንደሚበረታ ገብቶት ነበርና በዘመኑ መጨረሻ ርስቱ ላይ በርካታ በቅሎዎች ነበሩ። በቅሎ ላደነቀ ሕዝብ ይህ ማስረዳት የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።

የሠሩት እጆች

የአናጢዎቹ አለቃ ቶማስ ግሪን የሚባል ደመወዝተኛ ነጭ ነበር። ጣውላውን የጠረቡት፣ ጭቃውን ረግጠው ጡቡን የተኮሱትና ግንቡን ያቆሙት ግን ባሮች ናቸው። በዚያ ዘመን የማውንት ቨርነን አናጢዎች ከነበሩት አይዛክ፣ ጄምስና ሳምቦ አንደርሰን ይጠቀሳሉ፤ ከግንበኞቹ ቶም ዴቪስና ሙክለስ። የጡቡ ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አንድ ተጽፎ ሲቀር ከእነዚህ ሰዎች የአብዛኞቹ ታሪክ ከስማቸው እምብዛም አያልፍም።

የሳምቦ አንደርሰን ታሪክ የተሻለ ይታወቃል። አፍሪካ ተወልዶ በልጅነቱ ተሽጦ የመጣ ሰው ነው። ፊቱ ላይ የአገሩ ምልክት፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ነበረው። ዋሺንግተን በ1799 ሲሞት በርስቱ ላይ 317 ባሮች ነበሩ። ከእነዚህ የራሱ የነበሩትን 123ቱን ነፃ እንዲወጡ ተናዞ ስለነበር አንደርሰን በ1801 ነፃ ወጣ፤ ከቀሩት አብዛኞቹ የሚስቱ የማርታ የመጀመሪያ ባል ወራሾች ንብረት ስለሆኑ በባርነት ቀሩ። አንደርሰን ከዚያ በኋላ በአካባቢው እያደነና እየሠራ ኖሮ፣ ባጠራቀመው ገንዘብ ከቤተሰቡ የተወሰኑትን ገዝቶ ነፃ አወጣ። በ1845 ሞተ።

የጎተራው መጨረሻ

ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነበር። የስኮትላንዱ አንድሩ ሜይክል በ1786 የመውቂያ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ዋሺንግተንም ስለ መውቂያ መሣሪያ እየጠያየቀ ነበር፤ ነገር ግን የሚያስተማምነው አላገኘም። በ1837 ሁለቱ የፒትስ ወንድማማቾች በሜይን ግዛት አንድ ላይ የሚወቃና የሚያበጥር መሣሪያ በስማቸው አስመዘገቡ። መሣሪያው ገጠሩን ሲያዳርስ ፈረስ ለማዞር ቤት የሚሠራ ሰው አልተገኘም። የዶግ ረኑ ጎተራ አርጅቶ በ1870ዎቹ ግድም አንድ ፎቶግራፍ ተነስቶለታል፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። በ1990ዎቹ እንደገና ለመሥራት ሲታሰብ ያ ፎቶግራፍ፣ የዋሺንግተን ፕላንና የዕቃ ዝርዝሩ ነበሩ መመሪያዎቹ። ዛሬ ፈረሶችና በቅሎዎች ለጎብኚ ማሳያ ይዞሩበታል።

ከስንዴ ወደ ወተት

ባለ ብዙ ጎንና ክብ ሕንፃ በአሜሪካ ገጠር እንደገና የተስፋፋው በሌላ ምክንያት ነው። ምክንያቱም የወተት ላም ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ምሳሌ የሼከሮች የድንጋይ በረት ነው። ሼከሮች ንብረታቸውን አንድ አድርገው፣ ከጋብቻ ርቀው የሚኖሩ የክርስቲያን ማኅበር ናቸው። በ1826 በማሳቹሴትስ፣ ሃንኮክ በሚባለው መንደራቸው ዙሪያው 270 ጫማ (82 ሜትር) የሆነ ክብ በረት ሠሩ። ጋሪው ድርቆሽ ጭኖ ከላይ ይገባል፣ ክቡን ይዞራል፣ ድርቆሹን ወደ መሃል እያራገፈ በገባበት በር ይወጣል። ወደ ኋላ ማስመለስ የለም። ከሥር 52 ላሞች ፊታቸውን ወደ መሃሉ ድርቆሽ አዙረው ይቆማሉ። ፍጉ ደግሞ ወደ ታችኛው ወለል ይወርዳል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ሁሉ ያለ ሸክም ማውረድ የዶግ ረንም ብልሃት ነበር። እዚህ ግን የሚደክሙት ሰዎች ድካሙ የራሳቸው ነው። በረቱ በ1864 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል፤ በ1960ዎቹም ታድሶ ዛሬም ቆሟል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኦርሰን ፋውለር ባለ 8 ጎን መኖሪያ ቤት ከሁሉ ይሻላል ብሎ ሲሰብክ ብዙ ተከታይ አገኘ። ለገበሬው ግን ይበልጥ የተሰማው የኤሊየት ስቱዋርት ድምፅ ነው። ስቱዋርት በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኤሪ በሚባለው አውራጃ፣ የከብት እርባታ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። አራት በረቶች በእሳት ሲወድሙበት በ1870ዎቹ በእነሱ ፈንታ 80 ጫማ ስፋት ያለው አንድ ባለ 8 ጎን በረት ሠራ፤ ስለ እሱም እየጻፈ አሠራጨው። ቀጥሎ በ1889 የዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲው ፍራንክሊን ኪንግ ለወንድሙ በነደፈው ክብ በረት መሃል ሳይሎ፣ ማለትም የእርጥብ መኖ ማከማቻ ማማ፣ አቆመ። መኖው ከመሃል ስለሚወጣ ለሁሉም ላም እርቀቱ እኩል ሆነ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲም ከ1908 ጀምሮ ሦስት ክብ በረቶች ሠርቶ፣ በ1910 ባወጣው ጽሑፍ አራት ማዕዘን በረት ከ34 እስከ 58 በመቶ የበለጠ የዕቃ ወጪ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በኢንዲያና ከ200 በላይ ተሠሩ። በኦክላሆማ፣ አርካዲያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ1898 የተሠራው ክብ በረት ደግሞ ለጭፈራ የሚሆን ፎቅ ነበረው። እርጥብ የኦክ ጣውላ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እየጎበጠ የተሠራ ነው፤ በ1988 ጣሪያው ቢወድቅም በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌዎች መልሰው አቆሙት።

የገበሬው ወሬም ታክሎበታል፤ ጥግ የሌለው ቤት ሰይጣን የሚሸሸግበት የለውም ይባል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ነፋስ፣ ጣውላና የእግር ጉዞ ነው።

ከ1920ዎቹ በኋላ ፋሽኑ ቆመ። ክብ በረትን ማስፋት አይቻልም፤ አንድ ጎን ቀጥሎ ላም መጨመር የሚቻለው በአራት ማዕዘኑ ነው። መሃሉ ጨለማ ነው፣ ትራክተርም አያዞርም። የታሰረ አራት ማዕዘን ድርቆሽ ክብ ቤት ውስጥ ሲከመር ቦታ ይባክናል። የእርሻ ገበያውም ወድቆ ነበር።

የቼየን ቫሊው አናጢ

ዛሬ ክብ በረት በብዛት የሚታይበት አንዱ ቦታ የዊስኮንሰኑ ቨርነን አውራጃ ነው። የስሙ መመሳሰል ከማውንት ቨርነን የመጣ ይሁን አይሁን፣ ከስሙ ሌላ የሚያስተሳስራቸው አንድ ሰው አለ። በዚያ አውራጃ ቼየን ቫሊ የሚባል የጥቁር ገበሬዎች ሰፈር ነበር። ቶማስ ሺቨርስ ከቴነሲ ባርነት ወጥቶ እዚያ ደረሰና መሬት አረሰ። በ1889 የተወለደው ልጁ አልጋ ሺቨርስ ሚዙሪ ሄዶ ተማረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፣ ተመልሶም አናጢ ሆነ። በአውራጃው ከ10 በላይ ክብ በረቶችን የሠራው እሱ ነው። አሠሪዎቹ አብዛኞቹ ነጭ ጎረቤቶቹ፣ ከአውሮፓ የመጡ ገበሬዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

የሺቨርስ በረቶች ክብ ሆነው፣ መሃላቸው ላይ ሳይሎ ቆሞ፣ ቀይ ወይም ነጭ ተቀብተው ኮረብታ ላይ ይታያሉ። ሺቨርስ በ1978 ሲሞት ብዙዎቹ በአገልግሎት ላይ ነበሩ። ከሠራቸው በረቶች ከፊሎቹ ዛሬም ቆመዋል።